ሌባው ሥራ ሲፈታ፦ በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የእያንዳንዱ ተጫዋች ገጸ ባሕርይ እንዲጠቅም

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ካርታ፣ አራት የገጸ ባሕርይ ወረቀቶች፣ የተበታተኑ ዳይሶች]

ተራኪ፦ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔ በምመራው ጨዋታ አራት ጀብደኞች አንድ ግንብ ምድር ቤት ወርደው የተቆለፈ የብረት በር ፊት ቆሙ። ሌባውን የሚጫወተው ጓደኛችን ይህን ቀን ሲጠብቅ ነበር የቆየው፤ ገጸ ባሕርይውን ሲሠራ ቁልፍ መክፈትን ዋና ሙያው አድርጎ መርጧል፣ መሣሪያዎቹንም አንድ በአንድ ወረቀቱ ላይ ጽፏል። እጁን ወደ ዳይሱ ሲዘረጋ ግን አስማተኛውን የያዘው ልጅ «ኖክ እደግማለሁ» አለ፤ ኖክ የተቆለፈን የሚከፍት ድግምት ነው፤ በሩም ዳይስ ሳይጣል ተከፈተ። ሌባው ፈገግ ብሎ ስልኩን አወጣ፤ እስክንለያይም ድረስ አላስቀመጠውም። ጥፋቱ የአስማተኛው ሳይሆን የእኔ ነበር፤ ይህ ቪዲዮ የሚያስረዳውም ለምን የእኔ እንደ ሆነ ነው።

ለአዲስ ተመልካቾች ባጭሩ፦ በዚህ ጨዋታ አንድ ሰው መሪ ሆኖ ዓለሙንና ጭራቆቹን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛሉ፤ ውጤቱ የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል።

[ምስል፦ «1974» የሚል ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት]

ተራኪ፦ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 ጨዋታውን ሲያወጡ የሙያ ዓይነቶቹ ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ሌባው የመጣው በተከታዩ ዓመት በ1975 ነው። የጠቃሚነት ችግርም ከጨዋታው ጋር አብሮ ተወልዷል፤ ምክንያቱም ጀማሪው አስማተኛ በቀን አንድ ድግምት ብቻ ስለ ነበረው እርሷን ከጨረሰ በኋላ ከጓደኞቹ ኋላ ተደብቆ ከመሄድ ሌላ ሥራ አልነበረውም፤ ደረጃው እያደገ ሲሄድ ግን ነገሩ ተገልብጦ ተዋጊው የአስማተኛው አጃቢ ሆኖ ይቀር ነበር። (አስማተኛው ድግምቱን ከመጽሐፍ የሚያጠና ስለ ሆነ እኛ ጋ ስሙ «ደብተራው» ነው።) በ2008 የወጣው አራተኛው እትም ለሁሉም ሙያዎች አንድ ዓይነት የኃይል አደረጃጀት በመስጠት ሚዛኑን ለማስተካከል ሞክሮ ነበር፤ ሆኖም ብዙ ተጫዋቾች ሙያዎቹ እርስ በርስ ተመሳሰሉብን ብለው አማረሩ። በእኔ አስተያየት ቅሬታቸው ተገቢ ነበር፤ ሰው ሌባ የሚሆነው አስማተኛው የማይችለውን ለመቻል እንጂ የእርሱን ኃይል በሌላ ስም ለመያዝ አይደለም።

በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ልዩነቱን መለሰ፤ ከልዩነቱ ጋር ችግሩም በከፊል ተመለሰ። እስቲ በቁጥር እንየው።

[ምስል፦ ካርታ ላይ የተሰበሰቡ ስምንት ጎብሊኖች፣ በላያቸው ቀይ ክብ]

ተራኪ፦ አምስተኛ ደረጃ የደረሰ አስማተኛ ፋየርቦል የተባለውን ድግምት መያዝ ይችላል። ድግምቱ ከመሃሉ በየአቅጣጫው እስከ 20 ጫማ፣ ማለትም ስድስት ሜትር ያህል ያቃጥላል፤ ጉዳቱ የስምንት ባለ ስድስት ገጽ ዳይሶች ድምር ሲሆን አማካዩ 28 ነው። ጎብሊን የተባለው ተራ ጭራቅ ያለው የሕይወት ነጥብ 7 ብቻ ስለ ሆነ፣ ዘልሎ ጉዳቱን በግማሽ ቢቀንሰው እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አይተርፍም። በዚያው ደረጃ ያለው ተዋጊ በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ይሰነዝራል፤ ሁለቱም ከሰመሩለት ሁለት ጎብሊኖች ጣለ ማለት ነው። ስምንት ለሁለት! ጨዋታው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ሰይፍ የሚመርጥ ሰው አይገኝም ነበር።

ይሁን እንጂ የተዋጊው ሰይፍ አያልቅም፤ አስማተኛው ግን በዚያ ደረጃ ፋየርቦልን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ባጭር ዕረፍት ጥቂት ኃይል ቢያስመልስ ደግሞ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚደግመው፤ የቀረውን የሚያገኘው ስምንት ሰዓት አርፎ ሲነሣ ነው። ተዋጊው በአንጻሩ ዋና ዋና ችሎታዎቹን በአንድ ሰዓት ዕረፍት ይመልሳል። የ2014ቱ የመሪዎች መመሪያ ጀብደኞች በአንድ የጨዋታ ቀን ከስድስት እስከ ስምንት የሚሆኑ መካከለኛ ወይም ከባድ ግጥሚያዎችን መቋቋም ይችላሉ ብሎ ሲያስብ፣ ሚዛኑ የተሠራው በዚህ ስሌት ላይ ነው። እኔ ግን፣ እንደ ብዙ መሪዎች ሁሉ፣ በአንድ ቀን አንድ ታላቅ ውጊያ አዘጋጅና ከዚያ በኋላ ሁሉም እንዲተኛ እፈቅድ ነበር። ነገ እንደሚሞላለት የሚያውቅ ሰው ደግሞ የሚቆጥብበት ምክንያት የለውም።

መፍትሔው በአንድ ምሽት ስምንት ውጊያ መደርደር አይደለም፤ እንዲህ ያደረገ መሪ ተጫዋቾቹን በእንቅልፍ ያጣቸዋል። አንዱን የጨዋታ ቀን ለሦስት ምሽት ማስረዘም ይቻላል፤ ከሁሉ በላይ ግን ጊዜው ራሱ ዋጋ ሊኖረው ይገባል። ጎህ ሲቀድ የሚገደል ምርኮኛ ካለ ጀብደኞቹ አንድ ሰዓት ሊያርፉ ይችሉ ይሆናል፣ ስምንት ሰዓት ግን አይተኙም፤ ያን ጊዜ አስማተኛው «ይህን ላስቀምጠው» ማለት ይጀምራል፣ ተዋጊውም ወደ ፊት ይወጣል።

በተቃራኒው አስማተኛውን ለመግታት በየሳምንቱ እሳት የማይነካው ጭራቅ ማምጣት አልመክርም። ተጫዋቹ ያንን ድግምት የመረጠው ሊጠቀምበት ነው፤ የአንዱን ጉልበት መንጠቅ ለሌላው ሥራ አይፈጥርለትም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ገጸ ባሕርይው የራሱን ሥራ ራሱ ያጠፋል። የጫካ ሰው የሆነው ሬንጀር በዱር ምግብ ፈልጎ ጓደኞቹን በማትረፍ ይኮራል፤ ነገር ግን ጉድቤሪ የተባለው ቀላል ድግምት እስከ አሥር ፍሬ ይሰጠዋል፣ አንዷ ፍሬም አንድን ሰው ለቀን ትመግባለች። ረኀብን ፈተና አድርጎ ያዘጋጀ መሪ ዝግጅቱ በአንድ መስመር ይሰረዝበታል። ስለዚህ ለሬንጀሩ ዱካ መከተልን ወይም መንገድ መምረጥን መስጠት ይሻላል። ዘመቻው በከተማ ወይም በባሕር ላይ የሚካሄድ ከሆነም ተጫዋቹ ይህን ገና ወረቀቱን ሳይሞላ ማወቅ አለበት።

ከባድ የብረት ልብስ የለበሰውን ተዋጊ በተመለከተ ሕጉ ራሱ ይረዳናል። ቡድኑ ተደብቆ ሲያልፍ እርሱ ሁለት ዳይስ ጥሎ ዝቅተኛውን ለመውሰድ ይገደዳል፤ ነገር ግን ፈተናው የቡድን ከሆነ ግማሾቹ ከተሳካላቸው ሁሉም አለፉ ማለት ነው። የተካኑት የተንኳኳውን ይሸፍኑለታል እንጂ ደጅ ትተውት አይሄዱም።

[ምስል፦ የብረት በር፣ ከበሩ በስተ ግራ ረጅም ኮሪደር]

ተራኪ፦ አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ኖክ በሩን ይከፍታል፤ ሲከፍት ግን እስከ 300 ጫማ፣ ወደ 90 ሜትር ድረስ የሚሰማ ታላቅ የማንኳኳት ድምፅ ያሰማል። ይህ በድግምቱ መግለጫ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፤ እኔ ነኝ የዘለልኩት። ሕጉ ለሌባው ጸጥታን አስቀምጦለት ሳለ እኔ ምድር ቤቱን ባዶ አድርጌ፣ የሚሰማ ጆሮ ሳላስቀምጥ፣ ጸጥታውን ዋጋ አሳጣሁት። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ ምሽት በፊት የአራቱን ገጸ ባሕርያት ስም ብጫቂ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ ከስሙ ጎን ዛሬ ከእርሱ በቀር ሌላው በርካሽ የማይሠራውን ነገር አሰፍራለሁ፤ ባዶ የቀረ ስም ካለ አንድ ክፍል እቀይራለሁ።

ከአንድ ወር በኋላ ሌላ በር ገጠማቸው፤ ኮሪደሩ ጥግ ላይ ስድስት ዘበኞች ተኝተዋል። ደብተራው መጽሐፉን ገለጠ፣ ዘበኞቹን አየ፣ መልሶ ከደነው። ሌባው ዳይሱን አነሣ። ለመክፈት 15 ያስፈልገዋል፤ በችሎታው 10 ይደመርለታል። ዳይሱ 4 ላይ ቆመ፤ 14 ሆነ። በዚያን ጊዜ እስካሁን ዝም ብላ የነበረችው ካህኗን የምትጫወተው ጓደኛችን «ቆይ፣ ጋይዳንስ ደግሜልሃለሁ እኮ» ብላ ድግምቷ የሚጨምርለትን ባለ አራት ገጽ ዳይስ ገፋ አደረገችለት፤ ትንሹ ቁጥር እንኳ በቂ ነበር።