ግጥሙን ሳታዩ ስሙ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

አብዛኞቻችሁ የአይኤልትስ ወይም የቶፍል፣ ማለትም የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና፣ ቀን ቆርጣችሁ ነው የመጣችሁት። ንባቡን ትወጡታላችሁ፣ ሰዋስውም ብዙ አያሳስባችሁም። የሚያስፈራችሁ ሊስኒንጉ፣ የማዳመጡ ክፍል ነው። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የእንግሊዝኛ ዘፈን ለማዳመጥ ልምምድ እንዴት እንደሚጠቅም። ዘፈን ከፍቶ ሌላ ሥራ መሥራት ማለቴ አይደለም። ቁጭ ብሎ፣ እስክሪብቶ ይዞ መስማት ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ችግሩ የት እንዳለ እንይ። የአይኤልትስ ሊስኒንግ 40 ጥያቄ አለው፣ ድምፁ 30 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ የሚሰማውም አንዴ ብቻ ነው። ቢ2 ፈርስት በሚባለው የካምብሪጅ የእንግሊዝኛ ፈተና ሁለት ጊዜ ያሰማሉ፣ በአይኤልትስ ግን አመለጠ ማለት አመለጠ ነው። እኔ ስዘጋጅ ከእያንዳንዱ ልምምድ በኋላ የድምፁን ጽሑፍ አውጥቼ አነብ ነበር፤ በጣም ያናደደኝም ያመለጡኝ ቃላት ከሞላ ጎደል ሁሉም የማውቃቸው መሆናቸው ነው። ዓይኔ ያውቃቸዋል፣ ጆሮዬ ግን አያውቃቸውም።

ለምን? ሰው ሲናገር ቃላትን ለየብቻ ስለማይጠራ ነው። እኛስ? «የት አለ» ብለን እንጽፋለን፣ ስንናገር «የታለ» እንላለን። «ምን አለበት» «ምናለበት» ይሆናል። አማርኛን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው «የታለ» የሚለውን መዝገበ ቃላት ውስጥ ሲፈልግ አስቡት። እንግሊዝኛም ያው ነው። «ፒክ ኢት አፕ» ሦስት ቃል ነው፣ ጆሮ ላይ ሲደርስ ግን «ፒኪታፕ» ነው፣ አሜሪካኖች ደግሞ «ፒኪዳፕ» ይሉታል። «ዋንት ቱ» ተጨምቆ «ዋና» ይሆናል። «ኦቭ»፣ «ቱ»፣ «ፎር» የመሳሰሉት ትንንሽ ቃላትማ ተውጠው ጭላንጭላቸው ብቻ ነው የሚቀረው።

ዘፈን የሚያግዘን እዚህ ላይ ነው። ዘፋኝም ቃል ያጣብቃል፣ ይውጣል። ግን አዝማቹ ተመልሶ ይመጣል፣ ያው ስንኝ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይሰማል፣ ዘፈኑን ከወደዳችሁት ደግሞ በሳምንት ሃያ ጊዜ ብትሰሙትም አይሰለቻችሁም። የፈተና ቅጂ ሃያ ጊዜ በደስታ የሚሰማ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እንዴት ትሠሩታላችሁ? ድምፁ ጥርት ያለ፣ መሣሪያ ያልበዛበት፣ ቀስ ያለ ዘፈን ምረጡ። አንዴ ሙሉውን ስሙት፣ ምንም አትጻፉ፣ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ ገምቱ። ከዚያ አራት ስንኝ ብቻ ያዙ። ሙሉ ዘፈን አይደለም፣ አራት ስንኝ! እየመለሳችሁ ስሙና የሰማችሁትን ጻፉ። ያልሰማችሁት ቦታ ላይ ክፍት ተዉ፣ ግን ስንት ምት እንዳመለጣችሁ ቁጠሩና በነጥብ ምልክት አድርጉ። ጆሮ የሚሠለጥነው እዚያ ነጥብ ላይ ስትታገሉ ነው። እባካችሁ ግጥሙን ቀድማችሁ አትዩ፤ አንዴ ካያችሁት ዓይናችሁ ለጆሯችሁ ይነግረዋል፣ የሰማችሁም ይመስላችኋል፣ ግን አልሰማችሁም።

ስትጨርሱ ግጥሙን አውጡና አስተያዩ። ስህተቶቻችሁን በሁለት ቀለም ለዩ፦ የማላውቀው ቃል አንድ ቀለም፣ የማውቀው ግን ያልሰማሁት ቃል ሌላ ቀለም። ሁለተኛው ቀለም ወርቃችሁ ነው። ያንን ስንኝ እንደ ዘፋኙ አጣብቃችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ዝፈኑት። አፍ ማጣበቅ የለመደውን ጆሮ ይለየዋል። ስፔሊንጋችሁንም አርሙ፣ አይኤልትስ በስፔሊንግ ስህተት ነጥብ ይወስድባችኋል። (ድረ ገጽ ላይ ያለው ግጥም ራሱ አንዳንዴ አድማጭ የጻፈው ስለሆነ ሊሳሳት ይችላል። ጆሯችሁ በጣም እርግጠኛ ከሆነ ሌላ ቦታ አመሳክሩ።)

ጓደኛ ካላችሁ የበለጠ ይሠራል። አንዳችሁ ከግጥሙ ቃላት አውጥታችሁ፣ ክፍቱን እየሰማ እንዲሞላ ግጥሙን ለሌላው ስጡ። ግን ትልልቁን ቃል አታውጡ፣ እሱን ማንም ይሰማዋል። ትንንሾቹን አውጡ።

ስትሳሳቱ ደግሞ አትፈሩ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለ ስህተት ስም አለው፣ ሞንደግሪን ይባላል። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1954 ያወጣችው ሲልቪያ ራይት የምትባል አሜሪካዊት ጸሐፊ ናት። ልጅ ሳለች እናቷ ታነብላት በነበረ የድሮ የስኮትላንድ ግጥም ውስጥ «ሌይድ ሂም ኦን ዘ ግሪን»፣ ማለትም የተገደለውን ሰው ሣሩ ላይ አጋደሙት፣ የሚለውን «ሌዲ ሞንደግሪን» ብላ ትሰማው ነበር፤ ከሟቹ ጎን የሞተች አንዲት እመቤት ያለች መስሏት። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻዋ ነው እንግዲህ።

ዘፈን የማይሠራውንም ልንገራችሁ። ዜማ ቃል ይጎትታል፣ ጠበቅ ብሎ የሚነገረውን ያላላል። ዘፋኞች ሰዋስው ይጥሳሉ፣ በ«ሺ ደዝንት» ፈንታ «ሺ ዶንት» ይላሉ፣ እናንተ ፈተና ላይ አትጻፉት። ብዙ ዘፋኝ ከየትም ይምጣ ሲዘፍን ወደ አሜሪካ አነጋገር ያዘነብላል፣ አይኤልትስ ላይ ግን የእንግሊዝም የአውስትራሊያም አነጋገር ይመጣል። ከሁሉም በላይ ፈተናው ወጥመድ አለው፦ ተናጋሪው «ማክሰኞ እንገናኝ» ይላል፣ ቆየት ብሎ «አይ፣ ሐሙስ ይሻለኛል» ይላል፤ ማክሰኞ ብሎ የጻፈ ወደቀ። ዘፈን ውስጥ ይህ የለም። ስም ፊደል በፊደል ሲነገር «ኢ» እና «አይ»፣ «ጂ» እና «ጄ» መለየትም ለብቻው ልምምድ ይፈልጋል። ስለዚህ ለፈተናው አንድ ወር ሲቀራችሁ ዘፈኑን በቀን ወደ አሥር ደቂቃ አውርዱት፣ የቀረውን ሰዓት ለእውነተኛ የፈተና ቅጂ ስጡ፣ እሱንም አንዴ ብቻ ስሙ።

አሁን ወረቀት አውጡ። አንድ አዝማች አሰማችኋለሁ፣ አራት ስንኝ ነው። ስልካችሁን አስቀምጡ፣ ግጥሙን የሚፈልግ ሰው እንዳላይ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ስሙ።