ኪድ፣ ጁቨናይል፣ ያንግ ማን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግኩት እንግሊዝኛ ተናጋሪው ልጆቻችንን በምን በምን ስም እንደሚጠራቸው ነው። አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ፣ በተለይ ወንድ ልጅ ያላችሁ፣ እባካችሁ ስሙኝ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።

እኛ ዘንድ «ልጅ» ሰፊ ነው። ሠላሳ ዓመት የሞላው ባለትዳርም ለእናቱ ልጅ ነው። እንግሊዝኛው ግን ዕድሜን ይሸነሽናል። ኢንፋንት ከላቲን የመጣ ነው፤ ልክ እንደኛው አፍ ያልፈታ ማለት ነው። «ወፌ ቆመች» የሚባልለት ጊዜ ሲደርስ ቶድለር ይሆናል። ከዚያ ኪድ፣ 13 ሲሞላው ደግሞ ቲንኤጀር። እነዚህ የቤት ስሞች ናቸው፣ ብዙም አያሳስቡኝም። ከቤት ሲወጣ ግን ሌሎች ስሞች ይጠብቁታል።

ለወላጆች ሳስተረጉም ትምህርት ቤት ውስጥ ደጋግሜ የማየው ነገር አለ። ልጁ ሲመሰገን «ግሬት ኪድ» ይባላል። ጥፋቱ ሲነሳ ያው ልጅ፣ እዚያው ስብሰባ ላይ፣ «ዚስ ያንግ ማን»፣ ማለትም «ይህ ወጣት»፣ ይሆናል። ወላጆች አክብሮት ይመስላቸውና ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ እደነግጣለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው የቅጣት ወሬ ነው።

ጁቨናይል፣ ማለትም ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ የሚለውን ደግሞ የኛ ሰው ሲሰማ ይሸማቀቃል፤ የወንጀለኛ ስም ይመስለዋል። አመጣጡ ግን ለልጁ ከለላ እንዲሆን ነበር። በ1899 ቺካጎ ላይ የመጀመሪያው የልጆች ፍርድ ቤት ሲከፈት፣ ልጅ ከአዋቂ ጋር እንዳይታሰር፣ እንዲመከርና እንዲታረም ነበር የታሰበው። ሥራ ላይ ሲውል ግን ሁልጊዜ እንደዚያ አልሆነም። በ1964 አሪዞና ውስጥ ጄራልድ ጎልት የሚባል የ15 ዓመት ልጅ፣ ስልክ ደውሎ ለጎረቤት ብልግና ተናገረ ተብሎ እስከ 21 ዓመቱ ማረሚያ ቤት እንዲቆይ ተወሰነበት። አዋቂ ቢሆን ኖሮ ቅጣቱ ቢበዛ 50 ዶላር ወይም ሁለት ወር እስር ነበር። ጠበቃ አልቆመለትም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን የሻረው በ1967 ነው፤ ዛሬ ልጆቻችን በእንዲህ ያለ ክስ ጠበቃ የማግኘት መብት ያላቸው በዚያ ልጅ ምክንያት ነው።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ኅዳር 2014፣ ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ። ታሚር ራይስ 12 ዓመቱ ነበር። መናፈሻ ውስጥ በአሻንጉሊት ሽጉጥ ይጫወታል። አንድ ሰው ለ911 ይደውላል። ደዋዩ ሽጉጡ የውሸት ሳይሆን እንደማይቀር ተናግሯል፤ ልጁም «ጁቨናይል ሳይሆን አይቀርም» ብሏል። ይህ ግን ወደ ስፍራው ለተላኩት ፖሊሶች አልተነገራቸውም። መኪናቸው በደረሰ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተተኮሰበት። ከዚያ በኋላ በሬዲዮ የተላለፈው መልእክት ምን ይላል? ጥቁር ወንድ፣ ምናልባት 20። የ12 ዓመት ልጅ! በማግስቱ አረፈ። የ14 ዓመት እህቱ ወደ እሱ ስትሮጥ መሬት ላይ ጥለው በካቴና አሰሯት። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያ ያልተላለፈ አንድ ቃል እንቅልፍ ይነሳኛል።

የሚገርመኝ የዚህ ተቃራኒም መኖሩ ነው። ለረጅም ዘመን በዚህ አገር ሽበት ያወጣ ጥቁር አባወራ «ቦይ»፣ ማለትም «አንተ ልጅ»፣ ሲባል ኖሯል። በ1968 የሜምፊስ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች አድማ ሲመቱ ደረታቸው ላይ የያዙት ጽሑፍ «አይ አም ኤ ማን» የሚል ነበር፤ እኔ ሰው ነኝ፣ ሙሉ ወንድ ነኝ እንደማለት። አስቡት፤ አባትየው ልጅ ይባላል፣ ልጅየው ደግሞ አዋቂ። እኛ ከጎንደር መጣን፣ ከወሎ መጣን ብንል፣ መንገድ ላይ ልጃችንን የሚያየው ዓይን ይህን አይጠይቅም።

አንድ የምይዘው ነገር አለ። በ2011 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ስለ አንድ የ13 ዓመት ተማሪ ወስኗል። ልጁን ከክፍል አውጥተው፣ ለአሳዳጊ አያቱ ሳይነግሩ፣ ፖሊስ ባለበት ትምህርት ቤቱ ውስጥ መረመሩት። ፍርድ ቤቱ ያለው፣ እንዲህ ያለ ልጅ «ተነስቼ መሄድ እችላለሁ» ብሎ ያስባል ወይ የሚለው ሲመዘን ዕድሜው ከግምት መግባት አለበት ነው። ፖሊሱ ዕድሜውን ካወቀ፣ ወይም አይቶ መገመት ከቻለ ማለት ነው።

ስለዚህ የልጃችሁን ዕድሜ በቁጥር ተናገሩ። ልጁም ፖሊስ ካስቆመው ከስሙ ቀጥሎ ዕድሜውን እንዲናገር፣ ወላጆቼን ጥሩልኝ እንዲል አስለምዱት። ስብሰባ ላይ «ያንግ ማን» ሲባል ደግሞ አቋርጡና 12 ዓመቱ ነው በሉ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ በአማርኛ በሉት፤ እኛ አስተርጓሚዎቹ እናስተላልፈዋለን።