በበልግ ተራራ ለምትወጡ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተራራ ወዳጆች። ሥራችሁን ጥላችሁ እዚህ ጣና ዳር ስለተሰበሰባችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

መጋቢት ገብቷል። ከአሁን እስከ ግንቦት ብዙዎቻችሁ ጉና ወይም ጮቄ ለመውጣት አስባችኋል። ስሜን ተራሮች ድረስ የምትዘልቁም አላችሁ። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ቀኑም ለመንገድ ይመቻል። ዛሬ የመጣሁት ግን ስለ ሰዓት ልነግራችሁ ነው። በበልግ ተራራ የወጣ ሰው 6 ሰዓት ሲሆን ቁልቁል መጀመር አለበት። ጫፉ ላይ ባይደርስም እንኳ!

እኛን ባሕር ዳሮችን የሚያሳስተን የራሳችን ሰማይ ነው። በሚያዝያ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይደርሳል፣ ጠዋት ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል ነፈስ ሲል ሰው ሁሉ ወደ ዳር ይወጣል። ይህ የምንወደው ነፋስ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ቀን ቀን የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይሞቃል። ስለዚህ አየሩ ከጣና ወደ የብስ ይነፍሳል። የተራራው ተዳፋትም በፀሐይ ስለሚግል አየሩን ሽቅብ ይስበዋል። እርጥበት የያዘው አየር ከፍ ባለ ቁጥር ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ተራራው ላይ ማጉረምረም ይጀምራል። ማታ ነገሩ ይገለበጣል። ቀዝቃዛው አየር ከደጋው ወደ ሐይቁ ይወርዳል። የከተማችን የክረምት ዝናብ ሌሊት ሌሊት የሚበረታው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እንግዲህ እዚህ ቆሞ ሰማይ አይቶ «ዛሬ ዝናብ የለም» ማለት ስለ ጉና ከሰዓት በኋላ ምንም አይነግራችሁም።

በመጋቢት ደመናው ተከማችቶ ባዶውን ሊበተን ይችላል። ወደ ግንቦት ስንጠጋ ግን ክረምቱ እየቀረበ ስለሆነ የሚበተነው እየቀነሰ፣ የሚዘንበው እየበዛ ይሄዳል። በረዶም ይጥላል።

ከፍታውን ደግሞ አስሉት። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጉና ጫፍ ከ4,100 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል ብላችሁ ያዙት። እዚህ 28 ዲግሪ ሲሆን እዚያ 13 ነው ማለት ነው፤ ያውም ነፋስና ዝናብ ሳይጨመር። በቲሸርትና በጂንስ ሱሪ የወጣ ልጅ በረዶ ካገኘው በግማሽ ሰዓት ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጥጥ ሲረጥብ ሙቀት አይዝም። ጋቢም ጥጥ ነው። ያዙት፣ ግን በፌስታል ጠቅልላችሁ ለማረፊያ አቆዩት። የደጋ ሰው የሱፍ በርኖስ የሚለብሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱፍ ረጥቦም ያሞቃል። ከላይ ውሃ የማያስገባ ነገር ደርቡበት። ጓደኛችሁ ምላሱ ከተሳሰረ፣ እግሩም ከተደናቀፈ፣ «ደክሞት ነው» ብላችሁ አትለፉት። እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ መሐላችሁ አድርጋችሁ ይዛችሁት ውረዱ። ሲንቀጠቀጥ የነበረ ሰው ሳይሞቀው መንቀጥቀጡን ካቆመ ነገሩ ብሷል።

አሁን ከሁሉ ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ፤ መብረቅ። ጅብራው ካለበት ወደ ላይ ሜዳው ገላጣ ነው። ረጅሙ ነገር እናንተ ትሆናላችሁ። ብልጭታውን ስታዩ መቁጠር ጀምሩ። ድምፁ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። 30 ሳትቆጥሩ ነጎድጓዱ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፣ ሊመታችሁ ይችላል። ወዲያውኑ ከጫፉና ከሸንተረሩ ውረዱ። ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የሣር ጎጆ ከዝናብ ያስጥላል እንጂ ከመብረቅ አያስጥልም። የዋሻ አፍም እንደዚያው ነው። ጥላችሁን እጠፉ፣ የብረት ምርኩዝ ራቅ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አንድ ላይ አትከማቹ፤ ተራራቁ። መውረድ ካልተቻለ ዝቅ ባለ ቦታ እግራችሁን ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ፣ መሬት ላይ ግን አትተኙ። መኪና ቅርብ ከሆነ ግቡና መስኮቱን ዝጉ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ እንዳትነሡ። ልጆቻችሁን ይዛችሁ የምትወጡ ወላጆች፣ እባካችሁ ይህን ቤታችሁ አስጠኗቸው።

ስትወርዱ ደግሞ ወንዝ አለ። ርብና ጉማራ ከጉና ነው የሚነሡት። ጠዋት በድንጋይ ተረማምዳችሁ የተሻገራችሁት ጅረት ማታ ደራሽ ይሞላበታል። መሻገሪያው ላይ ጠብ ያላለ ቢሆንም፣ ላይ ዘንቦ ከሆነ ውሃው ይመጣል። ከደፈረሰና ከጉልበት ካለፈ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ። ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነው፣ ስለ እሱም ላንሳ። ስለ ጾሙ ምክር መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ ያ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ነው። እስከ 9 ሰዓት ሳትበሉና ሳትጠጡ የምትቆዩ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ 4,000 ሜትር ላይ መዋል ከባድ ነው። አየሩ ስስና ደረቅ ነው፣ ፀሐዩም ከዚህ የበረታ ነው፤ ሰውነት ውሃ ያጣል። ቤዛዊትን ወይም ሌላ ዝቅ ያለ ኮረብታ ምረጡ፣ ጉናን ለበዓለ ሃምሳ አቆዩት። ያን ጊዜ ትበላላችሁ፣ ትጠጣላችሁ። ነጎድጓዱ ግን ያኔ ስለሚብስ ከዋዜማው ደብረ ታቦር እደሩ። እዚያ ማደር ሰውነታችሁን ከከፍታው ጋር ያላምደዋል፣ በማለዳም ያስነሣችኋል። መንገድ ላይ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከበረታባችሁ መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከመነሣታችሁ በፊት የሚቲዎሮሎጂ ትንበያ እዩ። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ እረኞቹን ጠይቁ። ደመናው ከየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛው ሸንተረር መብረቅ እንደሚመታው ያውቃሉ። ከብቶቻቸውን ወደ ታች መንዳት ከጀመሩ እናንተም ተከተሏቸው።

የየቡድኑ መሪዎች፣ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። የመመለሻውን ሰዓት ከዋዜማው ምሽት ለሁሉም ተናገሩ፣ ከተማ ለሚቀር ሰውም ጽፋችሁ ስጡ። ጫፉ ቅርብ ሆኖ 6 ሰዓት ሲሆን «ትንሽ ነው የቀረን» የሚል አይጠፋም። ያን ጊዜ መልሱ ማታ የተነገረው ሰዓት ይሁን። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።