በጽሑፍ ይዘዙኝ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። የምናገረው ከሐዋሳ ነው። ዛሬ የማነሣላችሁ አንዲት ነባር የመንግሥት ሠራተኛን ነው። ስማቸውን አልጠራም፤ ዕድሜ ልካቸውን ስማቸው ከቲተራቸው፣ ማለትም ከፊርማቸው ጋር ከሚያሳርፉት የስም ማኅተም፣ ውጪ የትም እንዲታይ አልፈለጉም። እኔ ጀማሪ የበጀት ባለሙያ ሆኜ ስቀጠር ኃላፊዬ ነበሩ። ዛሬም አለቃዬ ነው የምላቸው።

ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ስናወራ ሁልጊዜ ሹመኛውን ነው የምናነሣው። ማን ተሾመ፣ ማን ተነሣ። ከሹመኛው ሥር ተቀምጦ ቤቱን የሚያቆመውን ሰው ግን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ አናየውም። ይህ ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ የቆየ ነገር ነው።

አለቃዬ በ1977 ዓ.ም. በሲዳሞ ክፍለ ሀገር በሂሳብ ሠራተኛነት ተቀጠሩ። ያኔ ደመወዝ በፔሮል ተፈርሞ፣ በእጅ ተቆጥሮ ነበር የሚከፈለው። ደርግ ወደቀ። በ1984 አገሪቱ በቁጥር በሚጠሩ ክልሎች ስትዋቀር እርሳቸው እዚሁ ሐዋሳ ሥራቸው ላይ ነበሩ። ከ7 እስከ 11 የተቆጠሩት አምስቱ ክልሎች ተጠቃለው የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ሲሆኑም እዚሁ ነበሩ። ኅዳር 10 ቀን 2012 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ክልል ሲሆን እርሳቸው የደቡብን ሂሳብ ይዘጉ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል የደብዳቤው ራስጌ ተቀየረ፣ ማኅተሙ ተቀየረ፣ አለቃ በአለቃ ላይ ተፈራረቀ። የየወረዳው መምህርና ነርስ ደመወዝ ግን በየወሩ መድረስ ነበረበት።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ በወረዳ በጀት ላይ የሠሩት ሥራ ነው። ከ1994 እና 1995 በፊት የወረዳን በጀት በዋናነት የሚወስነው ዞኑ ነበር። ከዚያ በኋላ ክልሉ ለየወረዳው ጥቅል በጀት በቀመር ይልክ ጀመር፤ ወረዳውም በራሱ ምክር ቤት ያከፋፍላል። ቀመሩ መጀመሪያ ላይ የሕዝብ ብዛትን፣ የልማት ደረጃንና ገቢ የመሰብሰብ ጥረትን ይመለከት ነበር። በወረቀት ላይ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን ቀደም ብሎ ብዙ ትምህርት ቤት የተሠራለት ወረዳ ብዙ መምህር አለው፤ የሕዝቡ ቁጥር ዝቅ ያለ ከሆነ ድርሻው ደመወዝ እንኳን አይሸፍንለትም። ይህን አለቃዬ ያወቁት ከጥናት አልነበረም። ከወረዳ የሚመጡ የፋይናንስ ኃላፊዎችን ቢሮአቸው አስቀምጠው፣ ሻይ አስመጥተው፣ ፔሮሉን መስመር በመስመር እያስነበቡ ነው። ያገኙትን ሁሉ በአንድ ጠንካራ ሽፋን ባለው የሂሳብ መዝገብ ላይ በእጃቸው ይጽፉ ነበር፤ የትኛው ወረዳ ለምን ጎደለበት፣ የትኛው መንገድ ስለሌለው መድኃኒት ለማድረስ ብዙ ያወጣል። ኮምፒውተር ከገባ በኋላም ያን መዝገብ አልተዉትም።

ሌላም ልንገራችሁ። በበጀት ቤት የሠራ ሰው ሰኔን ያውቀዋል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል፤ ስለዚህ ከሚመለስ ይውጣ የሚል ጥድፊያ ይነሣል። አንድ ዓመት ለጤና ኬላ ግንባታ በካፒታል በጀት የተያዘ ገንዘብ፣ መደበኛ ወጪ ለሆኑት ለስብሰባ አበልና መስተንግዶ እንዲውል የሚጠይቅ ደብዳቤ ወደ እኔ ተመራ። ይዤላቸው ገባሁ። ቆመው አነበቡት፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት። ከዚያ በኅዳጉ ላይ፣ «ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወር ሕጉ አይፈቅድም፤ ይመለስ» ብለው ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቲተር አሳረፉበት። ብዙም ሳይቆይ ከላይ ስልክ ተደወለ። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እሺ ጌታዬ፣ በጽሑፍ ይዘዙኝ» አሉ።

የጽሑፍ ትእዛዝ አልመጣም። ገንዘቡም ከጤና ኬላው አልተነካም።

ዋጋ አልከፈሉም አልልም። ዓመታት በተጠባባቂነት ቆዩ፤ ሥራው የእርሳቸው ሆኖ ምደባው የሌላ ሰው ሆነ። አጠገባቸው ሆኜ ስላየሁት ዛሬም ያናድደኛል።

ስለ ገንዘብም መናገር አለብኝ። በ2017 በተደረገው የደመወዝ ማስተካከያ ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ከፍ አለ፤ ተገቢ ነው፣ በ1,100 ብር ማን ይኖራል? ከፍተኛው ግን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ነበር ያደገው። ዕድሜውን ሙሉ ሠርቶ ጫፍ ለደረሰው ባለሙያ የተጨመረለት 1,024 ብር ነው። በ2018 ከፍተኛው 39,000 ሲደርስ ደስ ብሎኛል። የአለቃዬ ጡረታ ግን የተሰላው ከዚህ ሁሉ በፊት በነበራቸው የመጨረሻ ሦስት ዓመት አማካይ ደመወዝ ነው። ለመጀመሪያው አሥር ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ለ38 ዓመት አገልግሎት 65 በመቶ ይሆናል። የሐዋሳን የቤት ኪራይ የምታውቁ አስቡት።

ጡረታ የወጡት በ2015፣ የደቡብ ክልል ሊፈርስ ጥቂት ሲቀረው ነው። ነሐሴ ላይ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ። የሠራተኛ ድልድል ወጣ፤ ባልደረቦቼ ቤታቸውንና የልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ትተው ወደ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ዲላ፣ ወደ ሆሳዕና ሄዱ። ሀብትና ዕዳው ተከፋፈለ፤ ተሽከርካሪው፣ ሕንፃው፣ ጠረጴዛው ሁሉ ተቆጠረ። በሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ግን የቆጠረ አላየሁም።

ሕጉ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ ከሦስት ወር በፊት በጽሑፍ እንዲነገረው ያዛል። እኔ የምጠይቀው እነዚያ ሦስት ወራት ለርክክብ እንዲውሉ ነው። ወንበርና ካልኩሌተር ለማስረከብ ሳይሆን፣ ተተኪው አጠገባቸው ተቀምጦ ለምን እንዲህ ተወሰነ እያለ እንዲጠይቅና እንዲጽፍ። አዲሶቹ ክልሎች ደግሞ ቀድመው የወጡትን ይጥሯቸው፤ ብዙዎቹ እዚሁ ሐዋሳ ናቸው፣ ስልካቸውም ይሠራል።

አለቃዬን ባለፈው ሳምንት ጠየቅኋቸው። ሶዶም ሆነ ሆሳዕና ቢጠሯቸው ይሄዳሉ። መዝገቡን ይዘው እንደሚሄዱ፣ አበል ባይኖር መጓጓዣ ብቻ እንደሚበቃቸው ነግረውኛል።