ከቅጠል በታች የሚኖረው ላንተስ

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ላንተስ ስለሚባለው የውሃ ተርብ ወገን ነው። የጭራቸው ጫፍ እንደ ቆመጥ ወፈር ከሚል የውሃ ተርቦች ቤተሰብ ቢሆንም፣ እርሱ ርዝመቱ ከ4 ሴንቲ ሜትር የማያልፍ፣ ጭራውም ቀጠን ያለ ነው። ሁለት ዝርያዎቹ በምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ፣ አንዱ ደግሞ በጃፓን ይኖራሉ።

እኔ የማውቀው እዚህ ቨርጂኒያ፣ በአፓላቺያን ተራሮች ከምንጭ በሚነሱ ቀዝቃዛ ጅረቶች ዳር የሚኖረውን ነው። ደረቱን በጎን ስታዩት፣ የደቡቡ ዝርያ አንድ ጥቁር ሰንበር፣ የሰሜኑ ደግሞ ሁለት አለው። የሰሜኑ እ.ኤ.አ. በ1854 ሲመዘገብ የደቡቡ ራሱን የቻለ ዝርያ መሆኑ የተገለጸው ግን በ1980 ነው።

ይበልጥ የሚመስጠኝ ግን እጩ፣ ማለትም ገና ክንፍ ያላወጣው ልጅ፣ ነው። ክንፍ አውጥቶ የሚበርረው ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ገደማ በጅረቱ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ይቆያል፤ አጠገቡ የሚያልፈውን ትንሽ ነፍሳትም የታችኛ ከንፈሩን በቅጽበት ወደፊት ዘርግቶ ይይዛል። እነዚያ ነፍሳት ደግሞ በአብዛኛው የሚኖሩት ከዛፍ በረገፈ ቅጠል ነው። በሰሜን ካሮላይና፣ በካዊታ የምርምር ጣቢያ፣ ተመራማሪዎች ከ1993 ጀምሮ አንድን ጅረት ቅጠል እንዳይገባበት በመረብ ከለሉት፤ ቅጠል በሊታዎቹ ሲመናመኑ አዳኞቹም አብረው ተመናመኑ። ጅረቱን ከጫካው ለይቶ መጠበቅ እንደማይቻል ከዚህ በላይ ያስረዳኝ ነገር የለም።

የሚያሳስበኝም ይኸው ጫካ ነው። ከጃፓን የመጣና በ1951 ሪችመንድ አካባቢ የታየ፣ ነጭ ጥጥ የለበሰ የሚመስል ጥቃቅን ነፍሳት፣ ለእነዚህ ጅረቶች ጥላ የሚሰጠውን ሄምሎክ የተባለ ዛፍ እየመጠጠ ያደርቀዋል። ዛፉ ሲደርቅ ፀሐይ ውሃው ላይ ታርፋለች፤ ውሃውም ይሞቃል። መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን በብዛት የሚሠራበት ኢሚዳክሎፕሪድ ወደ ውሃ ከገባ የጅረቱን ነፍሳት ራሳቸውን ይገድላል። ስለዚህ ከጅረት ዳር ላሉት ዛፎች፣ ወጪው ቢበዛም፣ መድኃኒቱ ከሥራቸው አፈር ላይ ከሚፈስስ ይልቅ በግንዳቸው በመርፌ ቢሰጥ እመርጣለሁ።