ኖማ ያከበራቸው መጻሕፍት

የተከበራችሁ ደራስያን፣ አሳታሚዎችና አንባቢያን፣ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የማነሣላችሁ አሁን የሌለ ሽልማት ነው። ኖማ ይባል ነበር። የጃፓኑ አሳታሚ ሾይቺ ኖማ አቋቋሙት። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ለአፍሪካ መጻሕፍት ሲሰጥ ቆይቶ በ2009 ቀረ።

እኔ የምወድለት ደንቡን ነው። ደራሲው አፍሪካዊ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ መጽሐፉም የወጣው አፍሪካ ውስጥ ካለ አሳታሚ መሆን አለበት። ለንደን ወይም ፓሪስ የታተመ አይወዳደርም። ስማቸው የገነነ ብዙ ደራስያን ደግሞ የሚያሳትሙት እዚያ ነበር። ትልቅ ድፍረት ነው!

የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ሴኔጋላዊቷ ማሪያማ ባ ናት። ልቦለዷ በ1979 ዳካር ታተመ። ራማቱላይ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ሐዘን ላይ ተቀምጣ ለልብ ጓደኛዋ ለአይሳቱ ደብዳቤ ትጽፋለች። ያ ባል ከመሞቱ በፊት ሌላ ሚስት አግብቶባት ነበር። ያገባው ደግሞ የገዛ ልጁን ጓደኛ ነው። ስንት ዓመት በሆዷ የያዘችውን ሁሉ አውጥታ ትዘረግፈዋለች። የእኛም ሰፈር ሴቶች የሚያውቁት ጉድ ነው። ባ በ1981 አረፈች፤ ሁለተኛ ልቦለዷ ታትሞ ሳታየው።

በ1984 ከተሸለሙት አንዱ ኬንያዊው ጋካራ ዋ ዋንጃው ነው። ኬንያውያን በእንግሊዝ ቅኝ ገዢዎች ላይ ባመፁበት በማው ማው ዘመን እንግሊዞች አስረውት ሳለ የያዘው ማስታወሻ ነው ያሸለመው። የጻፈው ከኬንያ ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በኪኩዩኛ ነው። የእንግሊዝኛው ትርጉም የወጣው ከሽልማቱ በኋላ ነው። ዳኞቹ እስኪተረጎም አልጠበቁም ማለት ነው። እኔን በጣም ያስደሰተኝ ይሄ ነው።

እኛ አገር በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ይጻፋል። አንዱ የሌላውን አያነብም። ስለዚህ ሽልማት ለማቋቋም የምታስቡ ካላችሁ፣ ከዋንጫውና ከአዳራሹ በፊት ዳኛ ፈልጉ። በየቋንቋው መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ዳኛ። የንባብ ጊዜውንም ክፈሉት፤ በትርፍ ሰዓትና በነጻ የሚነበብ መጽሐፍ ግማሹ ይዘለላል።

ከበጀቱም ለአሳታሚው ቀንሱለት። ያሸነፈውን መጽሐፍ ገዝታችሁ ለየወረዳው ቤተ መጻሕፍት አድርሱ። ደራሲውን ፎቶ ከመነሣቱ ይልቅ መነበቡ ይጠቅመዋል።

አመሰግናለሁ።