አንዲት አሚኖ አሲድ ስትጎድል

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ዛሬ ስለ አንድ ፕሮቲን ነው የማወራችሁ። ሲኤፍቲአር ይባላል። በሳንባችንና በአንጀታችን ሴሎች ሽፋን ላይ ተሰክቶ ክሎራይድ ያሳልፋል። ክሎራይድ በወጣበት ውሃ ይከተላል። አክታችን የማይጠጥረው ለዚህ ነው።

ሲኤፍቲአር 1,480 አሚኖ አሲዶች እንደ ዶቃ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ፕሮቲን ነው። የሚቀመጥበት ሽፋን ደግሞ ቅባት ነው። ይህን የሚያህል ነገር ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ቅባት ውስጥ ልክተተው ቢሉት አይሆንም። ስለዚህ ሴሉ እስኪያልቅ አይጠብቅም። ራይቦዞሙ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራው የሴሉ ማሽን፣ ገና እየሠራው፣ ሴክ 61 በሚባል በር ያስገባዋል። ውሃ የሚሸሹት ክፍሎቹ፣ እያንዳንዳቸው 20 ያህል አሚኖ አሲድ፣ ተጠምዝዘው ወደ ቅባቱ ይገባሉ። የሚገርመው፣ በሩ ወደ ጎንም ይከፈታል! ከዚያ እርስ በርስ ተገጣጥመው ቅርጽ ይይዛሉ።

ሲኤፍቲአር ሳይሠራ ሲቀር አክታ ይጠጥራል፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለው በዘር የሚወረስ በሽታ ይህ ነው። በ1989 የበሽታው ጂን፣ ማለትም የሲኤፍቲአር ጂን ሲገኝ፣ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ የጎደለችው አንዲት አሚኖ አሲድ ሆና ተገኘች፤ 508ኛዋ ፊኒልአላኒን። የጎደለችው ቅባቱ ውስጥ ከተቀበረው ክፍል እንኳ አይደለም፤ ወደ ሴሉ ውስጥ ከሚንጠለጠለው ነው። ግን ይህ ክፍል በደንብ ታጥፎ ቅርጹን ካልያዘ ከሌላው ጋር አይገጥምም። የሴሉ ጥራት ተቆጣጣሪ ደግሞ ምሕረት አያውቅም። ፕሮቲኑን ሽፋኑ ጋ ሳይደርስ ይዞ ያስቆራርጠዋል።

በ1992 ተመራማሪዎች ይህ ጉድለት ያለባቸውን ሴሎች ከሰውነት ሙቀት በታች አቀዝቅዘው አሳደጓቸው። የተወሰነው ፕሮቲን ሽፋኑ ላይ ደረሰ፤ ክሎራይድም አሳለፈ! ለካ እድል ቢሰጠው ይሠራ ነበር። በእኔ እይታ የዘርፉ ትልቁ ዜና ይህ ነው። ሰውን ግን እንደዚያ ማቀዝቀዝ አይቻልም። ስለዚህ መታጠፉን የሚያግዝ መድኃኒት ፍለጋ ተገባ።

በ2019 አሜሪካ ሦስት መድኃኒቶችን በአንድ ላይ ፈቀደች። ኤሌክሳካፍቶርና ቴዛካፍቶር ፕሮቲኑ እንዲታጠፍ ያግዛሉ፤ አይቫካፍቶር ሽፋኑ ላይ የደረሰውን እንዲከፈት ያደርጋል። ለብዙዎች ትንፋሽ መልሷል። ዋጋው ግን ያኔ ለአንድ ሰው በዓመት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ነበር፤ ይህ ሌላ ጉድ ነው። ደግሞም ፕሮቲኑን ጭራሽ የማይሠሩ ታማሚዎች አሉ። እነሱን አይጠቅማቸውም፤ የሚታጠፍ ነገር የለማ።

አመሰግናለሁ። በሉ እንግዲህ፣ ጥያቄያችሁን ልስማ።